ዳር የቆመው

ዛሬ ከሰዓት ለሕፃናት የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ ፕሮግራም ስፈትሽ ዕድሜና ክብደት ቦታ ተለዋውጠው አገኘኋቸው። ስሌቱን የሚሠራው ፈንክሽን ቁጥሮቹን የሚያውቃቸው በስማቸው ሳይሆን በተራቸው ነው፤ ቀድሞ የመጣውን ዕድሜ፣ ተከትሎ የመጣውን ክብደት ይለዋል። የዘጠኝ ዓመቷን፣ ሃያ ኪሎ የምትመዝነውን ልጅ፣ ሃያ ዓመት የሞላት ዘጠኝ ኪሎ ሰው አድርጎ፣ ቅር እንኳ ሳይለው መልሱን ሰጠኝ። ያኔ በልጅነቴ የኖርኩበት፣ ኮኪት ከተማ አጠገብ የነበረው የሰሊጥ እርሻ ትዝ አለኝ።

አባቴ እዚያ ካቦ፣ የሠራተኞቹ አለቃ ነበር። በአጨዳ ወቅት ከደጋ የሚወርዱትን ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸውን፣ በመስመር ያሰልፋቸዋል፤ ስም ለመያዝ ግን ትዕግሥት ስላልነበረው በቆሙበት ይጠራቸዋል፦ «ዳር!»፣ «ከዳር ቀጥሎ!»፣ «መሀል!»። እኔ ውሃ አመላልሳለሁ፤ ሰው ፊት ድምፄ የማይወጣ፣ ጣሳውን አቀብዬ መሬት መሬት የማይ ልጅ ነበርኩ። ዳር የሚቆመው የወሎ ሰው ብቻ አንድ ቀን ጣሳውን እየመለሰልኝ፣ «እህትዋ፣ ዳር የሚባል ስም አለ እንዴ? እናቴ ሰይድ ነው ያለችኝ» ብሎ አሳቀኝ።

አንድ ረፋድ ላይ ሰይድ ማጭዱን አስቀምጦ፣ ገና ወዳልታጨደው ሰሊጥ እየተንገዳገደ ሲገባ አየሁት። ከኋላ ነዶ ይሸከም የነበረ ሰው ማጭዱን አንሥቶ በቦታው ገባ፤ መስመሩ ሞላ።

ምሳ ላይ በመስመራቸው እንደተቀመጡ፣ አባቴ ሰው አለመጉደሉን ለማየት እንደ ልማዱ ተጣራ።

«ዳር!»

«አቤት!» አለ ያ አዲሱ።

ወዲያው ከሰሊጡ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ሌላ «አቤት» መጣ፤ ቀጭንና ደረቅ። ሁሉም ማኘኩን አቆመ። ነፋስ አልነበረም፤ ሰሊጡ ግን ይንሾካሾካል። አባቴ ደግሞ ጠራ፤ ደግሞ ሁለት «አቤት»።

«ጅን ነው ካቦ፣ አይጥሩት!» አለ አንድ ጎጃሜ።

አባቴ መስመሩን በዓይኑ ዳሰሰ። ሰው አልጎደለም። «ብሉ» አለ።

ማንም እንደማይሄድ ሲገባኝ ጀሪካኑን አስቀምጬ «ሰይድ!» ብዬ ጮህኩ።

የሩቁ ብቻ መለሰ።

«ሰይድ ደግሞ ማነው?» አለኝ አባቴ።

«ዳር ነው... ዳር የነበረው።»

ሰዎቹ ድምፁን ተከትለው ሲሄዱ ግራር ሥር ወባ ጥሎት አገኙትና በትራክተር ተሳቢ ጤና ጣቢያ አደረሱት፤ ተረፈ። ከዚያ ወዲያ አባቴ ጠዋት ጠዋት ስም ይጠይቅ ጀመር፤ መሐመድን «መኮንን» እያለ ያስቃቸው ነበር እንጂ፣ «ዳር» ብሎ ሲጠራ ዳግም አልሰማሁትም።

አሁን አባቴም የለም፣ እርሻውም የሌላ ሰው ነው። ዛሬ እያንዳንዱን ቁጥር ከነስሙ አድርጌ ስጽፍ፣ የሥራ ባልደረባዬ «አንቺ ደግሞ፣ ስም ስትጽፊ ሊመሽብሽ ነው» እያለ ሳቀብኝ። ፈገግ አልኩ። የማስበው ግን ያን ሌላውን ነበር፤ በሰይድ ቦታ ቆሞ፣ በሰይድ ማጭድ እያጨደ «አቤት» ያለውን። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ወደ ነዶ ሸክሙ ስለተመለሰ፣ አባቴ ስም ከሚጠይቃቸው አጫጆች መሀል አልነበረም፤ አጨዳው አልቆ ሁሉም ሲበተን እሱም ሄደ፤ ማን እንደሚባል ያወቀ አልነበረም። አንድ ቀን እሱም ሰሊጥ ውስጥ ቢወድቅ፣ ማን ብለው ይጠሩታል?