ሽማግሌ ሆኜ ያጣራሁት ዘር

እሁድ ኖቬምበር አሥራ ስድስት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ አንድ አባት ልጃቸውን ለጠየቃት ሰው አልድርም አሉ። ምክንያቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

ሠላሳ ዓመት በጋዜጠኝነት ኖሬያለሁ። አሁን ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ቅዳሜ ጠዋት የአንድ ሰዓት የአማርኛ ራዲዮ ፕሮግራም አዘጋጃለሁ። አባትየው እንግዳዬ ነበሩ። አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበሩ፤ ደርግ ከመጣ በኋላ ተሰደው፣ እዚህ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መኪና ማቆሚያ ላይ ሠሩ። አድማጩ ሁሉ መምህር ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። አሜሪካኖች በባርነት ሲጨቃጨቁ ኖረው እንዴት እርስ በርስ ጦርነት ውስጥ እንደገቡ፣ በአምስት ቅዳሜ ሊነግሩን ተስማማን።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እንዲህ አሉ፦ “ሚዙሪ የምትባል ግዛት ከነባሪያዋ ወደ አሜሪካ ኅብረት ልግባ አለች። ባሪያ የሌለው ሰሜን እምቢ አለ። እ.ኤ.አ. በ1820 ሽምግልና ተቀመጡ። ሚዙሪ ከነባሪያዋ ትግባ፣ ሜይን ያለ ባሪያ ትግባ፣ ለወደፊቱ ካርታው ላይ መስመር ይሰመር፣ ከመስመሩ በስተሰሜን ባርነት አይግባ ተባለ። ተጨባበጡ። የሚሸጠውን ሰው ግን ጠርቶ የጠየቀው የለም። ባለጉዳዩ ያልተጠራበት እርቅ ስንት ዓመት ይቆያል?”

ከሀያትስቪል የደወለ አድማጭ፣ “መምህር፣ ይሄ የኛን እድር ስብሰባ ነው የሚመስለው! እዚያም ስለ ሟቹ ሁሉም ያወራል፣ እሱ ብቻ ዝም ይላል” አለ። መምህሩ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ከማይክሮፎኑ ዞር አሉ።

በሁለተኛው ቅዳሜ 1850 ላይ ደረስን። ካሊፎርኒያ ያለ ባሪያ ገባች፤ በምላሹ፣ አምልጦ ሰሜን የደረሰን ሰው ይዞ መመለስ በሕግ ግዴታ ሆነ። “እስከዚያ ቀን ለሰሜኑ፣ ለቦስተን ሰው፣ ባርነት የሩቅ ወሬ ነበር” አሉ። “ከዚያ ወዲያ በገዛ ደጃፉ ላይ ያዝና ስጥ ተባለ። ነገሩ ቤቱ ገባ።” ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ የሰው ንግድ የተከለከለውም ያኔ ነው። አሌክሳንድሪያ ግን ጥቂት ዓመት ቀደም ብላ ከዋሽንግተን ተለይታ ወደ ቨርጂኒያ ተመልሳ ስለነበር ክልከላው አልነካትም፤ ንግዱ ቀጠለ። መምህሩ ሰዎች ታስረው ይሸጡበት የነበረው ቤት ከአፓርታማቸው ብዙ እንደማይርቅ፣ ሁልጊዜ በእግራቸው ሲያልፉ ባርኔጣቸውን እንደሚያወልቁ ተናገሩ። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ ነበር። እውነት ነው፣ ያወልቃሉ።

ሦስተኛው ቅዳሜ የካንሳስ ነበር፤ የ1820ው መስመር ተሰርዞ ሰፋሪው ድምፅ ይስጥበት ሲባል ከሁለቱም ወገን መሣሪያ ይዞ የጎረፈው ሰው። አራተኛው የ1857ቱ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነበር፤ ከባሪያ የተወለደ ጥቁር፣ እሱ ራሱ ነፃ ቢሆን እንኳ፣ ዜጋ ሊሆን አይችልም የሚለው። መምህሩ እዚህ ላይ ድምፃቸው ተለወጠ። “ዳኞች ተቀምጠው የሰው አያት ቆጠሩ። አገር በዚህ ይፈርሳል” አሉ።

ያን ቀን አንዲት ሴት ደውላ፣ “መምህር፣ የኛስ? እኛ አገር ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1934 ዓመተ ምሕረት አይደል? ስድቡ ግን እስከ ዛሬ አፋችን ላይ አለ” አለች።

“የኛ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ይፈልጋል፣ እመቤቴ” አሉ።

እኔም ወደሚቀጥለው ደዋይ አለፍኩ።

ከዚያ በፊት በነበረው ወር፣ ታኮማ ፓርክ እኔ ያለሁበት ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ነርስ በሬን አንኳኩቶ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ወላጆቹ አገር ቤት ናቸው። ከመምህሩ ልጅ ጋር ሦስት ዓመት ቆይተዋል። “ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ። እርስዎን ይሰማሉ” አለኝ። ታክሲ የሚነዳ የድሮ ጓደኛዬን ጨምሬ ሄድን። እንደ ወጉ ቆመን ጠየቅን፣ እሳቸውም እንደ ወጉ ጊዜ ስጡኝ አሉ። ስንወጣ መምህሩ እኔን ወደ ኋላ አስቀሩኝ።

“አንተ ሳታጣራ አትናገርም። የልጁን ዘር አጣራልኝ።”

ሽማግሌ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት የሚመልሰውን ያውቃል። ጨዋ ነው፣ የጨዋ ልጅ ነው፣ ዋሱ እኔ ነኝ ይላል፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ሽማግሌ የሚላከው ለማቀራረብ ነው። እኔ ግን እሺ፣ አጣራለሁ አልኩ።

እንደ ማንኛውም ዜና ያዝኩት። ወደ ተወለደበት ከተማ ደወልኩ። ሁለት ምንጭ አገኘሁ፣ አንዱ የገዛ አጎቱ። የሁለቱም ቃል ገጠመ፤ የልጁ ቅድመ አያት በልጅነቷ ከገበያ የተገዛች ናት፤ አያቱን የወለደችው በገዛት ሰው ቤት ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት። በሥራዬ ሁሉ ጥሼው የማላውቀው ደንብ አለ፤ ስሙ የሚነሣው ሰው ራሱ ሳይጠየቅ ዜናው አይወጣም። ልጁ ከኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ይኖር ነበር። አልጠየቅኩትም።

በዚያ እሁድ ከጓደኛዬ ጋር መልሱን ልንሰማ ሄድን፤ መምህሩ ገና ሳንቀመጥ፣ “አጣራህ?” አሉኝ።

“አጣራሁ።”

“እ?”

ጓደኛዬ እግሬን ረገጠኝ። ነገርኳቸው። ሁለት ዓረፍተ ነገር አልፈጀም።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። “አልድርም” አሉ።

“መምህር!” አለ ጓደኛዬ። “ያ ትናንት የነገሩን ውሳኔ እኮ ድሮ ተሽሯል። እዚህ ሳሎን ነው እንዴ ይግባኝ የሚታየው?”

“ቀልዱን ተወው።”

ልጅቷ ከጓዳ ወጣች። “አባ፣ ትናንትና ራዲዮ ላይ ምን ነበር ያልከው? አያት ቆጠሩ አላልክም?”

“ያ የነሱ ታሪክ ነው። ይሄ ቤቴ ነው።” ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “እኔማ ምን አለብኝ ልጄ? ወንድሞቼ አሉ። ሰው አለ። ሰው ምን ይላል?”

“የቱ ሰው? ስም ጥራልኝ!”

መነጽራቸውን አንስተው መልሰው አደረጉ።

ልጁ ከሷ ሰምቶ ማታውኑ በሬ ላይ ቆመ። አልተቆጣም። “እናቴ በሰባት ዓመቴ ነግራኛለች። ለሷም ገና በተዋወቅን በወሩ ነግሬያታለሁ። ቢጠይቁኝ ለእርስዎም እነግርዎት ነበር” አለኝ። “እሷ እንሂድና እንጋባ ትላለች። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ነገ ልጆቼ ማን እንደሆኑ የሚጣራበት ቤት አልገባም።”

ስህተት ያወጣ ጋዜጠኛ ማስተባበያ ይሰጣል። እኔ የማስተባብለው ነገር አልነበረኝም፤ ሁሉም ትክክል ነበር። ያን ሳምንት ሁለት ጊዜ አሌክሳንድሪያ ድረስ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን በሩ አልተከፈተም። በሁለተኛው ልጅቷ ከፍታ አየችኝና መልሳ ዘጋችው። ለልጁ በየቀኑ እደውላለሁ፣ አያነሳም። ደረጃውን ወጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ሳላንኳኳ የተመለስኩበትን ጊዜ አልቆጠርኩም።

አምስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። መምህሩ ይቀራሉ ብዬ ነበር፤ በሰዓታቸው መጡ። የ1860ውን ምርጫ፣ አዲሱ ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ ሳይፈጽም ሰባት ግዛቶች እንዴት ተራ በተራ እንደወጡ፣ ሳይሳሳቱ ተናገሩ። መጨረሻ ላይ፣ “ማስቆም ይቻል ነበር?” ብዬ ጠየቅኳቸው። ወረቀታቸውን አጠፉ። “ብዙው ሰው ክፉ አልነበረም” አሉ። “ጎረቤቱን ነበር የሚፈራው።”

ልባቸው የራራ መሰለኝ። ተከትያቸው ደረጃውን ወረድኩና መንገዱ ላይ እጃቸውን ያዝኩ። “መምህር፣ በእግዚአብሔር፣ ይጥሯቸው። ጊዜው አላለፈም።”

“አንተ ነህ የነገርከኝ” አሉ። እጃቸውን አላስለቀቁኝም። “ዝም ብትል እኔም ባላወቅኩ፣ ሰውም ባላወቀ። አሁን አወቅኩ። ምን ላድርገው?”

እጃቸውን ለቀቅኩ። አውቶቡሳቸው መጣ፣ ገቡ።

ልጁ በሌላ ግዛት ወዳለ ሆስፒታል ሥራ ቀየረ። ዲሴምበር ስድስት፣ ቅዳሜ፣ ሁለት ሻንጣ ይዞ ከአርሊንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ። ያደረሰችው እሷ ናት። ጓደኛዬ ታክሲው ውስጥ ተራ እየጠበቀ አይቷቸዋል፤ እኔም ቆይቼ እሷን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ እሱ በመነሻው በር ገባ። እሷ ወደ አባቷ ቤት፣ ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳች።