ቀማሹ የአጎቴን ቡና ተፋው

ዛሬ ከሚሴ፣ አጎቴ ይመር ግቢ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ቡና ቀማሽ የአጎቴን ቡና ፉት ብሎ ቆርቆሮ ውስጥ እንትፍ አለው።

የቀማሾች ወግ መሆኑን እኔ አውቃለሁ። አጎቴ ግን ዱዓ የሚደረግበት ቡና ሲተፋ ማየት የት ለምዶ! «ያ ረቢ! መርዝ ነው እንዴ ያጠጣሁህ?» ብሎ ብድግ አለ።

ሰውየው ፈገግ ብሎ፣ «አባቴ፣ ፍየል ፍየል ይላል። የት ነው ያሰጡት?» አለ።

ሁላችንም ወደ ፍየሎቹ በረት ዞርን። ደጃፉ ላይ ጥሬው ከብስሉ አንድ ላይ የተራገፈ ቡና መሬት ላይ ተሰጥቷል። አንዷ ፍየል ረግጣው አለፈች፤ ምስክርነቷን መስጠቷ ነው።

የአጎቴ ሚስት እቴቴ ዘሃራ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ለቤት ዱዓ የምታስቀምጠውን ቆልታ አፈላች። ከዚያው ማሳ ነው፤ ግን ቀይ ቀዩን በእጇ ለቅማ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ነው ያደረቀችው።

ቀማሹ ፉት አለ። ዋጠው። ድገሚኝም አለ።

አጎቴ ደረቱን ነፍቶ «እኮ! የኔ ማሳ ቡና እንዲህ ነው!» አይል መሰላችሁ!

«ሃያ ዓመት ስትጠጣው አንድ ቀን ጣፈጠኝ ሳትል፣» አለች እቴቴ፣ «ዛሬ ሰው ስላልተፋው ነው?»

እስቲ እናንተም አውጡት፤ የሚስቱን ሙያ ለማመን ከአዲስ አበባ ቀማሽ ያስፈለገው የማን ቤት ነው?