እናቴን የተጋራችኝ ልጅ

ሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ነበር፤ ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ።

ነገሩን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ያየሁት ነው። መገናኛ የየካ አባዶን ታክሲ ለመያዝ ስሄድ፣ ተማሪዎች መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው ለስደተኞች ልብስ ይሰበስባሉ። አንዷ ወደ እኔ መጣች።

«እናት፣ አንድ ደቂቃ ይሰጡናል?»

ሰጠኋት። ስለ ስደተኞች አስረዳችኝ። ደህና አድርጋ ተዘጋጅታበታለች፤ ድምፅዋን የት ዝቅ፣ የት ከፍ እንደምታደርግ ታውቃለች። በእሷ ዕድሜ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። የለበስኩትን ሹራብ አውልቄ ሰጠኋትና ታክሲ ውስጥ ገባሁ። እስከ አባዶ መንገዱ ረጅም ነው። ሰናይትን እያሰብኩ ሄድኩ።

በግቢያችን ስደተኛ ተማሪዎችን የሚረዳ ክበብ ነበር። ብዙዎቹ ከኤርትራ መጥተው፣ ካምፕ ቆይተው ትምህርት የጀመሩ ልጆች ነበሩ። የትምህርት ማስታወሻ እናውሳቸዋለን፣ ብርድ ልብስ እናሰባስባለን፣ አማርኛ ያስቸገረውን እናስጠናለን። ኅዳር ላይ ለግቢው ተማሪ ስለ ስደት ግንዛቤ የምንፈጥርበትን ቀን አዘጋጀን። የክበቡ ሰብሳቢ ሄኖክ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ሣሩ ላይ ድንኳን ተከለ። ሰው ስሜቱ እንዲገባው ብሎም ሰናይትን ድንኳኑ ውስጥ እንድትቀመጥ ለመናት። እሷ ከኤርትራ ከመጡት አንዷ ነበረች፤ ቀጭን፣ ሳቂታ። ድንኳኑን ዞር ዞር ብላ አየችውና፣

«ይሄማ ከዶርማችን ይሻላል። ለምን አታከራየኝም?» አለችው።

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ሄኖክ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ። እሱን ለማዳን እኔ መድረክ ላይ ወጣሁና «ቤታችሁን ክፈቱላቸው!» እያልኩ ተናገርኩ። ጭብጨባው ደመቀ። ስወርድ ሄኖክ ጠበቀኝ።

«አንቺ መጀመሪያ ክፈቺያ፣ ትዕግሥት። ቤታችሁ እዚሁ ፈረንሳይ ሰፈር አይደል?»

በዚያው ዓርብ ሰናይትን ይዤ ሄድኩ።

አባቴ ካረፈ በኋላ ቤታችን ውስጥ የነበርነው እናቴና እኔ ብቻ ነን። እናቴ ቃል የምታበዛ ሴት አልነበረችም። «ጎበዝ» ያለችኝን ቀን አላስታውስም፤ ግን ሁሉም ነገሯ የእኔ እንደሆነ አውቅ ነበር። ሰናይት እስክትመጣ ድረስ።

ሰናይት የመጀመሪያውን ሌሊት ባደረች ማግስት፣ ጠዋት እናቴ እንደ ልማዷ ቆማ በግዕዝ ትጸልያለች። እኔ ከብርድ ልብሴ አልወጣሁም። ድንገት ከጓዳ በኩል ሌላ ድምፅ ተቀበላት። ከዚያ ሁለቱ አብረው ቀጠሉ፣ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ እየተቀበለች። ሰናይት ጸሎቱን በሙሉ በቃሏ ታውቀዋለች። እኔ በመድረክ ሰው የሚያስጨበጭብ ድምፅ ነበረኝ፤ እንዲህ ያለውን ግን እናቴ ከእኔ ሰምታ አታውቅም። ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዬ ሳብኩት።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ትመጣ ጀመር። መጀመሪያ እናቴን «እትዬ» ትላት ነበር። የገና በዓል ከመድረሱ በፊት «አደይ» አለቻት፤ በእነሱ ቋንቋ «እናቴ» ማለት ነው። እናቴ ቃሉን ስትሰማ ፊቷ ላይ የሚወጣውን ፈገግታ አሁንም አየዋለሁ። ጸጉሬን ፒያስትራ መሠራት ከጀመርኩ ወዲህ አስነክቻት አላውቅም ነበር፤ ሰናይትን ግን በጉልበቶቿ መሃል አስቀምጣ ትሠራት ጀመር። ብቻዬን ከግቢ ስመለስ በር ከፍታ መጀመሪያ የምታየው ከኋላዬ ነው።

«ሰናይትስ?»

ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ክበቡ ውስጥ ስሜ ተነሳ። «ትዕግሥት የተናገረችውን የምትኖር ልጅ» ይሉኝ ነበር። አመሰግናለሁ እላለሁ፤ ውስጤ ግን ይበላኛል። ቅናት ደረቅ ነገር ነው። ምግብ አያስበላም፣ ጸሎትም አያስጸልይም።

የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ደረሰ፤ የካቲት አሥራ ስድስት። ሦስታችን ወደ እንጦጦ ወጣን። ማለዳው ይቆረጥማል። አቧራው ከሰው እግር እየተነሳ ነጠላችንን ቡናማ አደረገው፤ ፀሐይ ሲወጣ የባሕር ዛፉ ሽታ መጣ። እናቴ ጉልበቷን ያማት ነበር። ዳገቱ ሲበረታ እኔ በቀኟ፣ ሰናይት በግራዋ ሆንን። እናቴ ወደ ግራ ተደገፈች።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የጽዋ ማኅበሯ ሴት አገኘችን።

«ይቺ ማን ናት?» አለች ሰናይትን እያየች።

«ልጄ ናት።»

«ይቺኛዋስ?»

«ውይ፣ ትዕግሥት ናታ! አታውቂያትም እንዴ?»

ሴትየዋ ሳቀች። እናቴም ሳቀች። እኔ ወደ ዛፎቹ ሄድኩ።

ከቅዳሴ በኋላ እናቴ ጸበል ልትቀዳ ወረፋ ያዘች። ሰናይት ተከትላኝ መጥታ ድንጋይ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አኮረፍሽ?»

«አላኮረፍኩም።»

«አኩርፈሻል። ከእኔ ነው ኩርፊያ የምትደብቂው? ቤታችን አንደኛ አኩራፊ እኔ ነበርኩ። እናቴ ‹ይቺ ልጅ ታማለች መሰል› እስክትል ድረስ አላናግራትም ነበር።»

«እኛ ቤት እኮ አኩርፈሽ አታውቂም።»

«እንግዳ ያኮርፋል እንዴ? የትናንቱ ሽሮ እንኳ ጨው በዝቶበት ‹አደይ፣ ሲጣፍጥ!› ነው ያልኩት።»

«በጣም በዝቶበት ነበር» አልኩ። ሳልፈልግ ሳቅኩ።

እሷ አልሳቀችም። ጣቷን ነጠላዋ ጥለት ላይ እያመላለሰች፣ «አንቺ በር ድርግም አድርገሽ ስትገቢ፣ እናትሽ መጥታ በሩን ታንኳኳለች። ‹ትዕግሥት፣ ምሳ ቀርቧል› ትልሻለች። አንቺ ዝም። እሷ ትቆማለች። ያን ጊዜ እንዴት እንደምቀናብሽ አታውቂም» አለችኝ።

በዚያ ዘመን በሁለቱ አገሮች መካከል ስልክ አይሠራም ነበር። ሰናይት ከአገሯ ከወጣች ጀምሮ የእናቷን ድምፅ አልሰማችም። ካርቱም ያለች አክስቷ ለሁለቱም ትደውላለች፤ «ደህና ናት» ለእናት፣ «ደህና ናት» ለልጅ። እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። በመድረክም ላይ ተናግሬዋለሁ። እዚያ ድንጋይ ላይ ግን ነጠላዋ ላይ የተቀመጠውን አቧራ አራገፍኩላት።

እናቴ ጸበሉን በጀሪካን ይዛ መጣች። አየችን።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም» አልን ሁለታችንም።

እናቴ ካረፈች ሰንብታለች፤ ነፍሷን ይማር። ሰናይት ሩቅ አገር ልጆቿን ታሳድጋለች። መርዶውን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ስልኩ ውስጥ «አደይ፣ አደይ» እያለች ስታለቅስ ሰማኋት። ከእኔ ሌላ ለእናቴ እንዲህ የሚያለቅስ ሰው በመኖሩ አምላኬን አመሰገንኩ። ያ ቅናት በአንድ ቀን ለቀቀኝ አልልም። ቀስ እያለ ነው የለቀቀኝ። ዛሬ ልጆቼ እኔን ሲሻሙ ሳይ አልቆጣቸውም፤ አመሰግናለሁ።

ያኔ፣ የንግሡ ዕለት ማታ ሰናይት እኛ ቤት አደረች። በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ተነሳሁና ብርድ ልብሷን ገፈፍኩት።

«ተነሺ! የትናንት ማታ ዕቃ አልታጠበም። ዛሬ ተራሽ ነው።»

ዓይኗን በግማሽ ከፍታ አየችኝ። እናቴ ከጓዳ ጮኸች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? እንግዳ ዕቃ እጠቢ ይባላል?»

«እንግዳ አይደለችም» አልኳት።

ሰናይት ብርድ ልብሱን ከእጄ መነጨቀችና ተከናነበችው፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳ አዞረች። እስከ ረፋድ አላናገረችኝም። ዕቃውን እኔ አጠብኩት።