በኮት ላይ የቀረች የጋቢ ጫፍ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን፣ የእርሻ ግብር ጉዳይ ቢቸናንና ሞጣን ባመሰበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያስተማርኳቸውን ልጆች ስም እንኳ እየረሳሁ ነው። ይህን ግን ልርሳው ብል እምቢ ይለኛል። ትዝ ሲለኝም የሚሰማኝ ሐዘን አይደለም፤ ያቅለሸልሸኛል።

ያኔ ባሕር ዳር አስተማሪ ነበርኩ፤ ትውልዴ ቢቸና ነው። ክረምቱን አዲስ አበባ ለኮርስ ቆይቼ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል መንገዱ አስቸገረኝ። ዝናቡ ዓባይ ድልድይ መውረጃው ላይ አፈር ንዶ መኪና ሁሉ ተደርድሯል ተባለ። በዚያ ክረምት ሰይፉ ለሚባል የሀብታም ልጅ ታናሽ ወንድሙን አስጠናለት ነበር። ሰይፉ የራሱ ትንሽ አውሮፕላን ነበረው። «ባሕር ዳር ልሄድ ነው፤ ባዶ ወንበር አለኝ፤ ለምን አብረን አንሄድም?» አለኝ። እኔማ ደስታዬን አልቻልኩትም።

ከመነሳታችን በፊት የአውሮፕላን ማረፊያው ሹም እኔ እየሰማሁ አስጠነቀቀው። «ደጀን ስትደርስ ግራውን ይዘህ በደብረ ማርቆስ በኩል እለፍ። በቀኝ ያለው የቢቸናና የሞጣ ሰማይ ለግል አውሮፕላን ዝግ ነው። ከገባህ ፈቃድህን ትነጠቃለህ፤ አውሮፕላንህም ይወረሳል» አለው። ሰይፉ ማስቲካውን እያኘከ «እሺ፣ እሺ» አለ። ሰማዩ ለምን እንደተዘጋ የማያውቅ አልነበረም። የጦር አውሮፕላን በዚያ አገር ላይ ቦምብ ሲጥል ከርሟል።

ዓባይን እንደተሻገርን ደመና ወረረን። ሰይፉ የሚሄደው ከታች ያለውን የመኪና መንገድ እያየ ነበር። ደጀን ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። በደመናው ቀዳዳ አንዱን አየና ያዘው። ትንሽ እንደሄድን ቁልቁል ሳይ ዛፍ የከበበው ደብር፣ ከጎኑም ገበያው ታየኝ። የተጠመቅሁበት ደብር ነው! እንዴት ይጠፋኛል?

«ሰይፉ፣ ተሳስተናል፤ ይሄ ቢቸና ነው» አልኩት።

«ከላይ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ነው» አለና ሊያሳየኝ ዝቅ አለ።

የገበያ ቀን ነበር። ገበያው ባንድ አፍታ ተበተነ። ሴቶች ልጆቻቸው ላይ ተደፉባቸው። ወንዶች እህሉን ጥለው ወደ ገደሉ ሮጡ። ጭነቷን እንደተሸከመች ብቻዋን የቀረች አንዲት አህያ ትዝ ትለኛለች። እናቴ ከዚያ ሕዝብ መሐል ትኖር ይሆናል። እኔ ደግሞ ከላይ ሆኜ ያገሬን ሰው አባርራለሁ። «ውጣ! ከፍ በል!» ብዬ ጮህኩበት።

ያን ጊዜ ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። በግራ ጮቄ በደመና ተሸፍኗል፤ በቀኝ የዓባይ በረሃ ነው። መውጫ ሲፈልግ ሲዞር ቤንዚኑ እያለቀ ሄደ። በመጨረሻ ሞጣ ሳንደርስ አንድ የግጦሽ ሜዳ ላይ አወረደው። ጎማው ጭቃ ውስጥ ገብቶ በአፍንጫው ተደፋ። የሰይፉ ግንባር ትንሽ ተጫረ፤ እኔን ምንም አልነካኝም።

ወዲያው ሰው ከበበን፤ ከግማሽ የሚበልጠው ጠመንጃ ይዟል። አንዱ፣ ቤቱ በቦምብ የተቃጠለበት ገበሬ፣ ጠመንጃውን አቀባብሎ ወደ ሰይፉ ደገነ። «ከሰማይ ሆነህ ነበር የምትፈጀን፤ አሁንሳ?» አለው።

«በሕግ አምላክ!»

እንዲህ ያሉት አያ ይርዳው የሚባሉ የአገር ሽማግሌ ናቸው። በኋላ እንደሰማሁት የወንድማቸው ልጅ በዚያው በቦምቡ ሞቷል። እሳቸው ግን መጥተው በጠመንጃውና በሰይፉ መካከል ቆሙ። በአገራችን ደንብ «በሕግ አምላክ» ከተባለ የተነሳ እጅ ይወርዳል። ጠመንጃውም ወረደ።

«አንተ ልጅ፣ አስበህ ነው የመጣህብን ወይስ ተሳስተህ?» አሉት።

ሰይፉ ተንበረከከ። «ተሳስቼ ነው አባቴ! መንገድ ጠፍቶኝ ነው፤ በእናቴ ልማልልዎ፣ ተሳስቼ ነው!» አለ እያለቀሰ።

«ይህችን ቃልህን ሞጣ፣ ዳኛ ፊት ትናገራታለህ?»

«እናገራለሁ አባቴ፤ እናገራለሁ።»

አያ ይርዳው የጋቢያቸውን ጫፍ ይዘው በሰይፉ ኮት የቁልፍ ቀዳዳ አሾለኩና ጠበቅ አድርገው ቋጠሩት። «እንግዲህ ቁራኛዬ ነው። ዳኛ ፊት እስኪቆም የነካው እኔን ነካ» አሉ ለሕዝቡ። ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ እንኳ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

እንዲያ እንደተቋጠሩ ሞጣ ድረስ በእግር ሄድን። ሰይፉን የከተማ ጫማው ሲያንሸራትተው አያ ይርዳው ዱላቸውን ሰጡት። ወንዝ ስንሻገር ክንዱን ደግፈው ይዘው አሻገሩት። ከአገልግላቸው ዳቦ እየቆረሱ አበሉን። ሰይፉ መንገዱን ሙሉ «አባቴ፣ አባቴ» እያለ አደነቆራቸው።

ሞጣ ስንደርስ ከፖሊሶች ጋር የተቀመጠ፣ ዳኝነትም የሚሰጥ አንድ ሹም ተቀበለን። አያ ይርዳው እጅ ነሥተው «ጌታዬ፣ ይህ ልጅ መንገድ ስቶ ከኛ ወርዷል። ሰው ሳይነካው በሕግ አምላክ ብዬ አምጥቼዋለሁ። ቃሉን ይስጥዎና እፈታዋለሁ» አሉ።

ሹሙ ወደ ሰይፉ ዞረ። «የተዘጋ ሰማይ ውስጥ ምን ትሠራለህ?»

 ሰይፉ ፈቃዱን፣ አውሮፕላኑን እያሰበ እንደሆነ ከፊቱ ይነበብ ነበር። ከዚያ ራሱን ቀና አደረገ።

«እኔ በደብረ ማርቆስ በኩል ነበርኩ። ሽፍቶች ተኩሰው ሞተሬን መቱት፤ እየተንገዳገድኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ይኸው፣ አስረው እየጎተቱ ያመጡኝ እኚህ ናቸው» አለና ቋጠሮውን በጣቱ አሳየ።

ነፍሱን ያተረፈችለትን ቋጠሮ!

«ውሸት ነው!» አልኩ። «አብሬው ነበርኩ፤ የተተኮሰ ጥይት የለም። ሂዱና አውሮፕላኑን እዩት፤ ጥይት የነካው ቦታ ካለ እኔን እሰሩኝ!» ሹሙ አገሬን ጠየቀኝ። ቢቸና አልኩት። «አንተም የነሱው ነህ፤ ቃልህ አያስፈልግም» አለኝ። አውሮፕላኑን ያየ ሰው የለም።

ፖሊሱ ሊለያያቸው ሴንጢ አወጣ። አያ ይርዳው «ቆይ ልጄ፣ እኔ ልፍታው» ብለው እጃቸውን ቢዘረጉ የሚጠብቃቸው አልተገኘም። «ኮቱን እንዳትነካው!» አለ ሹሙ። ጋቢው ተቆረጠ። ቋጠሮው ከነጫፉ በሰይፉ ኮት ላይ ቀረ። አያ ይርዳው ወደ ወህኒ ሲወሰዱ ዞረው ሰይፉን አዩት። አልተቆጡም፤ ንግግሩን ያልጨረሰ ሰው እንደሚጠብቁ ዓይነት ነበር አስተያየታቸው። ሰይፉ ጀርባውን ሰጥቶ የመጣለትን ጥብስ ይበላ ነበር። እኔንም «ና ብላ እንጂ» አለኝ። ውጪ ወጥቼ አስመለስኩ።

አያ ይርዳው የተፈቱት ግርግሩ ከበረደ በኋላ ነው፤ ወህኒ ቤቱ ዓይናቸውን አድክሞባቸው ነበር። ልጠይቃቸው ስሄድ ያንኑ ጫፍ የሌለውን ጋቢ ለብሰው አገኘኋቸው። «ላሰፋልዎ?» አልኳቸው።

«ተወው፤ ቁራኛዬ መጥቶ ቃሉን ይስጥ» አሉኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ አንድ ሰርግ ላይ ከሰይፉ ጋር ተገጣጠምን። ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ሰብስቦ ከጎጃም ሽፍቶች እንዴት እንዳመለጠ ያወራል። ሲያየኝ ዘሎ አቀፈኝና «ይኸው ምስክሬ!» አለ። የኮቱን ጫፍ ጨምድጄ ያዝኩት።

«በሕግ አምላክ!» አልኩት።

 ጠረጴዛው በሳቅ ፈነዳ። «እሱ ጎጃሜ ጨዋታ ያውቃል!» አለ አንዱ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ሰይፉ ነበር፤ ውስኪም ቀዳልኝ። ኮቱን ለቅቄ ወጣሁ፤ እጄን በር ላይ ባገኘሁት ቧንቧ ታጠብኩ።

ይህንን ሄጄ ለአያ ይርዳው ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«የጋቢዬን ጫፍ አየሃት?»

«አይ፣ ሌላ ኮት ለብሶ ነበር» አልኳቸው።

«እንግዲያው ቤቱ አስቀምጧት ይሆናል» አሉ።

ከልባቸው ነበር። በዚያው ጋቢ ተጠቅልለው፣ እንደጠበቁት አረፉ። ሰይፉ የት እንዳለ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። አውሮፕላን በላዬ ሲያልፍ ግን ዛሬም ምራቄን እተፋለሁ።