የድንጋይ መፍጫው ቄጠማ

ኑርሀያት ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ወንዝ ዳር፣ በድንጋይ መፍጫው ግቢ ዘጠኝ ዓመት ጠጠር ስትሰፍር ኖረች። ባለቤቶቹ ማሽናቸውን ጭነው ሲሄዱ አመድ የመሰለ የድንጋይ ዱቄት ብቻ ቀረ። ሣር አይበቅልበት፣ ወፍ አያርፍበት። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ዳርቻውን እየገመሰ ዱቄቱን ወደ ሐይቁ ይነዳዋል።

ቀበሌው ቦታው እንዲያገግም በአጥር አስከልሎ ጥበቃውን ለእሷ ሰጣት። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ግን አልሆነላትም። ከሐይቁ ዳር ቄጠማ ከነሥሩ በእርጥብ ጆንያ እየተሸከመች ወንዙ ዳር ተከለች። በመጀመሪያው ዓመት ከውኃው አርቃ ተክላው ደረቀ። በሁለተኛው ጎርፍ ወሰደው። በሦስተኛው ያዘ። ዘንድሮ ቁመቱ እስከ ጉልበቷ ደርሷል፤ አውራ ጣት የማያክሉ እንቁራሪቶችም ገብተውበታል።

ቀዳም ሥዑር ሁለት ቀን ሲቀረው ጎረቤቷ ስህን ጆንያ በብብቷ ይዛ መጣች። ካህናቱ የሚያድሉትን፣ ሰው በራሱ ላይ የሚያስረውን ቄጠማ ማቅረብ ዘንድሮ የእሷ ተራ ነው።

«ኑርዬ፣ ቄጠማ ልነቅል መጣሁ።»

ኑርሀያት ከቄጠማው ፊት ቆመች። «እኔንም አብረሽ ንቀይኛ!»

«ምነው? ለቤተ ክርስቲያን እኮ ነው።»

«እሱን መች አጣሁት። ሥሩ ከወጣ ወንዙ ክረምት ላይ ሁሉንም ጠርጎ ይሄዳል። እጨጂው።»

«የታጨደ ቶሎ ይጠወልጋል። ነጩ ሥሩ ነው ውበቱ።»

«ውኃ ውስጥ አሳድሪው።»

«አሁን አንቺ የፋሲካን ነገር ልታስተምሪኝ ነው?» ስህን ሳቀች። ኑርሀያት ግን አልሳቀችም። እምቢ ማለት አልለመደባትም። ማጭድ አመጣችና ተንበርክካ፣ ከመሬት አራት ጣት እየለካች የመጀመሪያውን እቅፍ ራሷ አጨደች።

ስህን ማጭዱን ተቀበለች። ግን የልማድ ነገር፣ ግራ እጇ ሳብ ሲያደርግ አንድ ጭብጥ ቄጠማ ከነሥሩ ከነጭቃው ወጣ።

«በእስጢፋኖስ! አፉ በይኝ፣ ኑርዬ።»

«አፉ ብያለሁ። መልሺውና በተረከዝሽ እርገጪው።»

ስህን መልሳ ረገጠችው። ከዚያ ወዲያ አራት ጣት ሳትለካ አላጨደችም።

ሐምሌ ላይ ወንዙ ሞልቶ መጣ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጃንጥላ ሥር ተጠግተው ቆሙ። ውኃው ቄጠማውን አስተኝቶ ሲያልፍ ኑርሀያት አፏን በነጠላዋ ይዛ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጭቃ እንደለበሰ ግማሹ ቀና ብሏል፤ ዳርቻውም ከቦታው ነው።