በጫት ሰዓት ከበሩ የጠፋው ዘበኛ

ግፉን አስቀድሜ ልናገር፤ አንድ ዘበኛ የሚጠብቃትን ልጅ ጥሎ ጫት ሊቅም ሄደ ተብሎ ተባረረ። አልሄደም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ይህን ለመጻፍ ግን ይበቃኛል።

ያኔ ጅቡቲ ከተማ፣ ባሕሩ አጠገብ፣ በአንድ ነጋዴ ቤት ተቀጥሬ እዚያው እያደርኩ እሠራ ነበር። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ወንድሞቿ ትንሿን ልጅ ካልወሰድን እያሉ ይዝቱ ጀመር። ነጋዴውም ጠባቂ ቀጠረላት። የድሬዳዋ ሰው ነው፤ ወታደር የነበረ፣ ቁመቱ በሩን የሚሞላ፣ ድካም ግን ከፊቱ የማይለቅ። ትምህርት ቤት ያደርሳታል፣ ይመልሳታል፣ ስትበላ እንኳ መስኮቱን እያየ ይቆማል።

«ቁጭ በል እንጂ፣ ግድግዳው አይሸሽም!» እለዋለሁ።

«እትዬ፣ አንዴ ከተቀመጥኩ የሚያስነሳኝ የለም» ይለኛል።

ልጅቷ ከአባቷ ጋር ሶማሊኛ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ ታወራለች። የዘበኛውን ትልቅ ጫማ አጥልቃ ግቢውን እየዞረች «ዛሬ ዘበኛው እኔ ነኝ፤ አንተ ተኛ!» ትለዋለች። የሚስቀው ያን ጊዜ ብቻ ነበር። አሁን እዚሁ ከተማ ካርቲየ 5 የሚባል ሰፈር ከልጄ ጋር እኖራለሁ፤ የልጅ ልጆቼ ቤቱን በጫጫታ ይሞሉታል። እኔን ግን ያ በሲሚንቶው ላይ የሚጎተት ጫማ ድምፅ ይናፍቀኛል።

ቀትር ላይ ጫቱ ከአገራችን ሲገባ ይህ ከተማ ሥራ ያቆማል። ወንዱ ሁሉ እቅፉን ይዞ ወደ መቃሚያው ይገባል። አጎቶቿም የመጡት በዚያ ሰዓት ነው። በሩን ሲደበድቡ ዘበኛው ልጅቷን አቅፎ እኔ ክፍል ገባና ቆለፈ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ በማውቀው ቋንቋ ሁሉ ሰደብኳቸው። ጎረቤት ሲሰበሰብ ሄዱ። ወዲያው አባትየው ደረሰና ስጠቁመው ወደ ክፍሌ ሮጠ፤ ዘበኛው ሲከፍትለት ከሩቅ አየሁ።

«ዘበኛችሁስ የት ሄዶ ነው?» አለ አንዱ ጎረቤት።

«በዚህ ሰዓት የት ይሄዳል? ቅጠሉ ጋ ነዋ!» አለ ሌላው። ሳቁ።

በማግስቱ ነጋዴው ይህንኑ ወሬ ምክንያት አድርጎ አባረረው። «ሐጂ፣ እርስዎ ራስዎ ክፍሌ አግኝተውታል!» አልኩ። «ያገርሽ ሰው ስለሆነ ነው» ብሎ እኔንም አሰናበተኝ። ወሬው ቤት ለቤት ዞረ፤ ማንም ዘበኛ አድርጎ ሊቀጥረው አልፈለገም። ከከተማው ዳር ሃያብለ የሚባል ሰፈር፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ልጠይቀው ስሄድ ስለ እንጀራው አያነሳም።

«ልጅቷን ትምህርት ቤት ማን ያደርሳታል?» ይለኛል።

«የአባቷ ሾፌር።»

«እጇን ይይዛታል?»

በኋላ እሱም ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እሷንም ፈረንሳይ አክስቷ ዘንድ ላኳት። ሁለቱንም ዳግመኛ አላየኋቸውም።

እኔ ግን አልተውኩም። በየኢዱ ነጋዴው በር ላይ እየቆምኩ «ለምን ዋሹ?» እላለሁ፤ በሩ ይዘጋብኛል። ዘንድሮ ታሞ ተኝቷል ሲባል ሄድኩ፤ አስገቡኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬም ለእሱ ነው የመጣሽው?»

«ለእሱ ነው፣ ሐጂ። በዓይንዎ አይተው ነበር።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አይቻለሁ» አለኝ። «አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ነበር። እጄን ዘርግቼ ነይ ወደ አባትሽ አልኳት፤ አልመጣ አለች።»