በእጅ የተቆጠረ ትንፋሽ

ሲስተር ፀሐይወርቅ ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ ትንፋሽ ቆጥራ አታውቅም ቢባል ሐሜት አይደለም። ማንስ ይቆጥራል? ለአሥራ ስድስት አልጋ አንድ ነርስ ተመድባ፣ የአንድን ሰው ደረት ሙሉ ደቂቃ ቆሞ ማየት ቅንጦት ነው። ሙቀት ይለካል፣ ግፊት ይለካል፤ ቅጹ ላይ ትንፋሽ በሚለው ቦታ ግን ሁሉም ሃያ ብሎ ይጽፋል። ሐኪሞቹም አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

ዘንድሮ ደረት ላይ በሚለጠፉ ገመዶች ትንፋሽ የሚቆጥሩ ማሽኖች መጡ። ይታመኑ እንደሆነ ለማወቅ ፀሐይወርቅ ለሁለት ሳምንት በየአራት ሰዓቱ ራሷ እየቆጠረች ከማሽኑ ቁጥር ጎን እንድትጽፍ ታዘዘች። ቁጥሮቹ ከተስማሙ ከዚህ ጣጣ ትገላገላለች። እግሯ ማበጥ ከጀመረ ወር አልፎታል፤ ደክሟታል፣ እንዲስማሙላትም አጥብቃ ትመኝ ነበር።

ሰባተኛው አልጋ ላይ የተኙት አዛውንት አብዱልሃኪም ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ዳር ጀልባ ሲሠሩ ኖረው አሁን ሳንባ ምች ጥሏቸዋል። ባለቤታቸው ሀጂራ ካጠገባቸው አይጠፉም። የመጀመሪያው ቀን የአዛውንቱ ማሽን መከራ ነበር። ላባቸው ልጣፊውን ያላቅቀዋል፣ ማሽኑ ይጮሃል፣ ፀሐይወርቅ እግሯን እየጎተተች መጥታ ትለጥፋለች፣ ዞር ስትል ደግሞ ይጮሃል።

በማግሥቱ ከንጋት ጀምሮ ጸጥ አለ። አሥራ ስምንት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት። እንደዚህ ያለ ጨዋ ማሽን በክፍሉ አልነበረም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይወርቅ በሩ ላይ ቆማ ቁጥሩን አነበበችና በማሽኑ ቦታም፣ በእጅ በሚለው ቦታም አሥራ ስምንት ጻፈች።

ስድስት ሰዓት ላይ ሀጂራ ሊሰግዱ ብድግ ሲሉ ማሽኑ ጮኸ። ፀሐይወርቅ ስትደርስ ገመዶቹ ከአልጋው ተሻግረው በሀጂራ ነጠላ ሥር ገብተዋል።

"እማማ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"እኔ ላይ ለጠፍሁት እንጂ" አሉ ሀጂራ፣ ሳይደብቁ። "በጮኸ ቁጥር በዚያ እግርሽ ስትመላለሺ አሳዘንሽኝ፣ ልጄ። እኔ ላይ ሲሆን አይጮህም።"

የአዛውንቱን እጅ ያዘችና ሰዓቷን እያየች ትንፋሻቸውን ቆጠረች። አርባ አንድ።

ዶክተር ሕዝቅኤል ወዲያው መጣ፤ ኦክስጅን ተደረገላቸው። ዶክተሩ ቅጹን አነበበ። "ጠዋት በእጅ አሥራ ስምንት ተቆጥሯል። እንዲህ ድንገት ከባሰባቸው ሳንባቸው ውስጥ ደም ረግቶ ይሆናል። የደም ማቅጠኛ እንጀምር።"

ፀሐይወርቅ መድኃኒቱን ልታመጣ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

"ዶክተር፣ የጠዋቱን አልቆጠርሁም።"

ዶክተሩ ቅጹን አስቀመጠ። "ታዲያ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚተነፍሱት?"

"አላውቅም።"

"ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው" አሉ ሀጂራ። ከዚያ ወደ ፀሐይወርቅ ዞሩ። "ጠዋት በሩ ላይ ቆመሽ ስትጽፊ፣ አተነፋፈሱን አይታ ነው ብዬ ዝም አልሁ።"